ጋሼ ገብረወልድ እና አምስት ቁጥር ካሜራ

ቆሞ አሠሪ ያልገጠመው ባለሙያ በዚህ ከተማ ውስጥ የለም። ቧንቧ ሠራተኛም ይሁን ቀለም ቀቢ፣ ዲሽ ገጣሚም ይሁን በር ጠጋኝ፣ የዕቃ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ግቢ ሲገባ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚጠብቀው አንድ ሰው አለ። ይህ ሰው ወንበር ቢያቀርቡለት አይቀመጥም። ጉዳይ ቢኖረውም አይሄድም። ትንሹን ካቻቢቴ ስታነሱ "ትልቁ አይሻልም?" ይላል። ትልቁን ስታነሱ ዝም ይላል። ዝምታው "ትንሹ ይሻል ነበር" ማለት ነው።

ሶሬቲ የደህንነት ካሜራ መግጠም ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ዛሬ ቦሌ ሚካኤል የራሷ ሱቅ አላት፤ በሩ ላይ ስሟ ተጽፏል። በእነዚህ ዓመታት ቆሞ አሠሪ በየዓይነቱ አይታለች። ስልኩ ላይ ቪዲዮ ከፍቶ "እዚህ ላይ እንዲህ አይደለም የሚለው" እያለ የሚያርማት አለ። "አንቺ ነሽ መሰላል ላይ የምትወጪው?" ብሎ እሷን ትቶ መሰላሉን በሐዘኔታ የሚያይ አለ። ስለነዚህ ሰዎች ማውራት ከጀመረች ግን ወሬዋ የሚያርፈው ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይ ነው፤ የቆሞ አሠሪዎች ሁሉ የበላይ፣ ክቡር ጋሼ ገብረወልድ።

ነገሩ የተጀመረው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቦሌ ቡልቡላ ነው። ሶሬቲ ያኔ ሀይደር የሚባል ሰው ጋ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ሀይደር ካሜራ አስመጥቶ ይሸጣል፣ ይገጥማልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሱቁ ውስጥ ዕቃ ሲያሸጣት ከቆየ በኋላ፣ ብዙ ለምናው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ሥራ በስሟ ሰጣት። ቡልቡላ ያለ አንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ የስድስት መኪና ስፖኪዮ ተነቅሎ ነዋሪው ተማሮ ስለነበር፣ ኮሚቴው ስምንት ካሜራና አንድ መቅጃ እንዲገጠም ወሰነ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሶሬቲ መሰላሏን ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ስታወርድ አንድ ረዘም ያሉ፣ ከሳ ያሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው የግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። ግራጫ ኮት ለብሰዋል። የኮቱ የላይኛው ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶና አንድ የመብራት መፈተሻ ካቻቢቴ በሰልፍ ተሰክተዋል።

"ኢንጂነሩ የታል?" አሏት።

"እኔ ነኝ።"

ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ሶሬቲ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለምታውቅ ራሷን አዘጋጀች። ሰውየው ግን እሷን ትተው ወደ መሰላሉ ጎንበስ አሉ።

"እኔ አላውቅም፤ ግን የዚህ መሰላል እግር ጎማ የለውም። ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል።"

እውነትም ጎማ አልነበረውም። ሶሬቲ ይህን ለመቀበል ሦስት ቀን ፈጀባት።

"እኔ አላውቅም፤ ግን" የጋሼ ገብረወልድ የንግግር መክፈቻ ነበር። የመጀመሪያው ግማሽ ትሕትና ነው፤ እሱ ቶሎ ያልፋል። ከ"ግን" ወዲያ ያለው ግማሽ ቀን ይወስዳል። በኮሚቴው ውስጥ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ኮሚቴው የቴክኒክ ክፍል የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም፤ ክፍሉን ራሳቸው አቋቋሙት፣ ራሳቸው ተሾሙበት፣ የተቃወማቸውም የለም። ሶሬቲ ግድግዳ ስትበሳ አቧራውን እየቀመሱ ከጎኗ ናቸው። ቱቦ ስትዘረጋ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጥ ማለቱን ያያሉ። የኬብሉን ጥቅል ከካርቶኑ ስታወጣ አንዱን ጫፍ ተቀብለው በጥፍራቸው ፋቁት።

"እኔ አላውቅም፤ ግን ይሄ መዳብ አይደለም።"

"ጋሼ፣ የዘመኑ ኬብል ነው። ሁሉም ሰው የሚጠቀመው ይሄንኑ ነው።"

"ከላይ ነው ቀለሙ። ውስጡ ነጭ ነው።"

"ይሠራል፣ ጋሼ። አይጨነቁ።"

ጫፉን መለሱላትና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ መስመር ሠራተኛ ሆነው፣ የእንጨት ምሰሶ ጫማ ላይ በሚታሰር መውጫ ብረት ሲወጡ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ አንዳንዴም ሳይቀዘቅዝ፣ ያንን ዘመን ያነሳሉ። "ይሄ የቆምሽበት ጤፍ ነበር" ይሏታል የመኪና ማቆሚያውን እያሳዩ። "ከዚህ ማዶ ቤት የሚባል የለም። በቦሌ ሚካኤል በኩል ስልክ የገባለትን ቤት ሁሉ ከነቁጥሩ አውቀው ነበር። ዝናብ ሲጥል የማን መስመር እንደሚንጫጫ፣ የማን ድርግም እንደሚል ቤቴ ተኝቼ እነግርሻለሁ። ሰው ስልኩ ተበላሽቶበት እኔን መንገድ ላይ ካየኝ፣ የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ነበር የሚመስለው። ገና ምሰሶው ላይ ሳልወጣ ምሳ ይቀርባል።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። "አሁን ማን ምሰሶ ያያል? ሁሉም በአየር ሆነ።"

ሶሬቲ ያኔ ይህን ሁሉ የምትሰማው ጥርሷን ነክሳ ነበር። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነው፤ ሥራው የመጀመሪያዋ ነው፤ ችሎታዋን የሚጠራጠር ሰው አጠገቧ ቆሞ እንዲውል አትፈልግም። ሰውየው እየተጠራጠሯት ነው ብላ ታስብ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የስምንቱም ካሜራ ምስል በጥበቃው ክፍል ስክሪን ላይ ወጣ። ነዋሪው ተሰብስቦ ራሱን እያየ ሳቀ። ጋሼ ገብረወልድ ግን ምስሉን ትተው ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አዩ።

"ይሄ ምንድን ነው? ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አሥር ይላል።"

"የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ጋሼ።"

"ሌባው ሐበሻ ነው አይደል?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሶሬቲም ሳቀች፤ ሰዓቱን ግን እንደነበረ ተወችው። መቅጃው የብረት ሳጥን ውስጥ ተቆለፈ። ቁልፉ ለቴክኒክ ክፍል ኃላፊው ተሰጠ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስልኳ ጮኸ፤ ጋሼ ገብረወልድ ናቸው።

"ኢንጂነር፣ አምስት ቁጥር ሄደች።"

"የት ሄደች?"

"ጨለመች። ቦታዋ ባዶ ነው።"

አምስት ቁጥር የኋላው በር ላይ ያለችው ካሜራ ናት። ከጥበቃው ክፍል ዘጠና ሜትር ያህል ስለምትርቅ ኬብሏ ከሁሉም ይረዝማል። ሶሬቲ በማግስቱ ጠዋት ስትደርስ አምስት ቁጥር ፍንትው ብላ ታሳያለች፤ በኋላው በር የሚወጣ የሚገባው ሰው የጫማው ማሰሪያ ሳይቀር ይታያል። ለማንኛውም ብላ የኬብሉን ሁለት ጫፍ ቆርጣ አዲስ አሰረችና ሄደች። ከሁለት ቀን በኋላ ስልኩ ደገመ። መጥታ አምስት ቁጥር ካሜራን ፈታ ከሁለት ቁጥር ጋር አቀያየረቻት። እዚያው የኋላው በር ላይ ያለችው ጠፋች። ለሦስተኛ ጊዜ መጥታ፣ ሁለቱ ካሜራዎች አንድ የኔትወርክ አድራሻ እየተሻሙ ይሆናል በሚል ለእያንዳንዳቸው የማይለወጥ አድራሻ ሰጠቻቸው። እሷ ስትመጣ ሁሌም ሁሉ ነገር ደህና ነው። እሷ ስትሄድ፣ ሲመሽ፣ ስልኩ ይጮኻል።

"እኔ አላውቅም፤ ግን" አሉ ጋሼ ገብረወልድ በዚያው ቀን፣ እሷ ላፕቶፗ ላይ አቀርቅራ ሳለ፣ "ሲመሽ ያቺ ቀይ..."

"ጋሼ፣ እባክዎን! ቁጥር እያስገባሁ ነው።"

ያን ቀን ምሳ ሰዓታቸው ሳይደርስ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሀይደር ደግሞ ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። "ሶሬቲ፣ ለአንድ ካሜራ ስንቴ ነው የምትሄጂው? ይሄን ሥራ ሌላ ሰው ከጨረሰው አንቺ ወደ ሱቅ ትመለሻለሽ። እኔ ለሰው ምን ብዬ ነው የማስረዳው?" አላት። ወደ ሱቅ መመለስ ማለት ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። ከመደርደሪያ ጀርባ ቆሞ ለወንዶች ዕቃ ማቀበል ነው።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ማታ የሁለት መኪና ስፖኪዮ ተነቀለ። ሌባው የገባው በኋላው በር ነው። አምስት ቁጥር ምንም አልቀዳችም።

እሁድ ከሰዓት ኮሚቴው ስብሰባ ጠራ። ሶሬቲ ከቤተ ክርስቲያን፣ የመዝሙር ልብሷን በፌስታል እንደያዘች መጣች። ከስብሰባው በፊት ጋሼ ገብረወልድ ሳጥኑን ከፈቱላትና መቅጃው ራሱ የመዘገበውን ዝርዝር አየች። ሁለት ነገር አገኘች። የመጀመሪያው፣ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሷል፤ ሰው ነክቶታል። ሁለተኛው፣ አምስት ቁጥር የምትጠፋው ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ነው፤ አንድ ቀን አሥራ ሁለት ከሃያ፣ አንድ ቀን ከሃያ ስድስት፣ አንድ ቀን ደግሞ ከአሥር። ማሽን ሰዓት ጠብቆ ቢያጠፋ ኖሮ ደቂቃው አይዛነፍም ነበር ብላ አሰበች። እንዲሁ የተበላሸ ቢሆን ደግሞ ቀንም ይጠፋ ነበር። በየቀኑ አመሻሽ ላይ፣ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት፣ መጥቶ የሚነካካ የሰው እጅ ነው። ቁልፉ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ጋ ነው።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ወይዘሮ ስመኝ ሰዓት የማያባክኑ ሴት ናቸው። ገና ሰው ተቀምጦ ሳያበቃ "እሺ የኔ ልጅ፣ ካሜራሽ ሌባ ሲመጣ ነው የሚተኛው። ምን ትያለሽ?" አሏት።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። የሶሬቲ ፊት ጋለ።

"ካሜራው ምንም አልሆነም" አለች። "መቅጃውን የሚነካካ ሰው አለ። ሰዓቱ ተቀይሯል። ቁልፉ ደግሞ ያለው ጋሼ ገብረወልድ ጋ ብቻ ነው።"

ሳቁ ቆመ። ጋሼ ገብረወልድ ኋላ፣ እንደ ልማዳቸው ቆመው ነበር። እጃቸውን ከጀርባቸው ፈቱ።

"ሰዓቱን ነክቻለሁ" አሉ። "ጥበቃዎቹ አልገባን ስላሉኝ ነው። ጥፋት ነው፤ አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ። ሌላውን ግን አልነካሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ የሰው መስመር አቋርጬ አላውቅም።"

ወደ ፊት መጥተው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሶሬቲ ፊት አኖሩትና ወጡ። በዚህ ግቢ ውስጥ ስብሰባ ሳያልቅ ሲሄዱ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሶሬቲ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሰዓቱን አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰኞ ማታ ጥበቃው ደወለላት። አምስት ቁጥር ሄዳለች። ማክሰኞም ደወለ። ቁልፉ እንደሆነ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ማታ እንቅልፍ እምቢ አላት። ስትገላበጥ የምታየው ካሜራውን አልነበረም፤ አንድ ሽማግሌ በጎረቤቶቻቸው ፊት "ጥፋት ነው" ሲሉ ነው።

ረቡዕ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያለ መሰላልና ያለ ላፕቶፕ ቡልቡላ ሄደች። ቤታቸው ሄዳ ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር። ቤታቸው የሉም። ከኋላው በር አጠገብ፣ የፈረሰ የአበባ መደብ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ተቀምጠው ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው።

"ጋሼ..."

"ቁጭ በይ" አሉ ሳያዩዋት። "ደርሷል።"

"ምኑ?"

"ዝም ብለሽ እያት።"

ከጎናቸው ተቀመጠች። ፀሐይዋ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ገብታ ግቢው ደብዘዝ ማለት ጀምሯል። ከማዶ ለማረፍ ዝቅ ያለ አውሮፕላን እየጮኸ አለፈ። አምስት ቁጥር ግድግዳው ላይ ጸጥ ብላ ተቀምጣለች። ድንገት በመስታወቷ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ፍም የመሰለ ቀይ ሆኑ። ሁለት ሰከንድ ያህል ቆዩና ጠፉ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንደገና ቀሉ፤ እንደገና ጠፉ።

"እንዲህ ናት" አሉ ጋሼ ገብረወልድ። "ለመነሳት ትሞክራለች፣ አቅም ታጣለች። ዳመና ሲሆን ቀደም ትላለች። ሰማዩ ጥርት ሲል ትዘገያለች። ሌሎቹ ቀይ ይሆኑና እንደቀሉ ያነጋሉ። እሷ ብቻ ናት እንዲህ የምትሆነው።"

ሶሬቲ አፏን በእጇ ያዘች። ቀን ቀን ካሜራዋ የምትፈልገው ኃይል ትንሽ ነው። ሲጨልም በጨለማ የምታይባቸውን መብራቶች ታበራለች፤ ያን ጊዜ ብዙ ኃይል ትጠይቃለች። ኃይሉ የሚሄድላት ደግሞ በዚያው ምስሏን በሚያመጣው ኬብል፣ ዘጠና ሜትር ተጉዞ ነው። ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም በሆነው ኬብል። መንገድ ላይ እየሳሳ ሄዶ ጫፉ ላይ ሲደርስ አይበቃትም። ትነሳለች፣ ትወድቃለች። ሶሬቲ ደግሞ ለጥገና ሁልጊዜ የመጣችው ጠዋት ነው።

"መዳብ አይደለም ብለውኝ ነበር" አለች። "ቀይዋንም ሊነግሩኝ ነበር። ጋሼ፣ እኔ... በሰው ፊት..."

"ልጄ፣ እኔም ወጣት ሆኜ አለቃዬን 'ሽማግሌ ምን ያውቃል' ብዬዋለሁ። እንዳንቺ በስብሰባ ላይ አልነበረም፤ ምሰሶ ላይ ሆኜ ነው። ወርጄ ይቅርታ ለመጠየቅ፣ እስክወርድ የማሰቢያ ጊዜ ነበረኝ።" ከዚያ ከተቀመጡበት ተነሱ። "በይ አሁን ነጩን ሽቦ ምን እናድርገው?"

"እናድርገው" ማለታቸውን ሶሬቲ ልብ አለች።

ሐሙስ ጠዋት ሀይደር ፊት ቆማ ንጹሕ የመዳብ ኬብል ካልሰጠኸኝ አልሄድም አለችው። ሀይደር መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ ርካሹን ኬብል ያስመጣው ራሱ መሆኑ ትዝ ሲለው ሰጣት። ጋሼ ገብረወልድ አዲሱን ጫፍ በጥፍራቸው ፍቀው አዩትና ምንም አላሉም። ይህ የእሳቸው ጭብጨባ ነበር። አመሻሽ ላይ ሁለቱ የአበባው መደብ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። አምስት ቁጥር ቀላች። እንደቀላችም ቀረች።

በሚቀጥለው እሁድ ሶሬቲ ሳትጠራ ስብሰባው ላይ ተገኘች። "ባለፈው ጋሼ ገብረወልድን የወነጀልኩት ተሳስቼ ነው" አለች ቆማ። "ጥፋቱ የኔ ሥራ ነበር። ያገኙት እሳቸው ናቸው።" ወይዘሮ ስመኝ መነጽራቸውን አውልቀው "እንግዲህ ቁልፉን ለባለቤቱ መልሺ" አሏት። ሰጠቻቸው። ጋሼ ገብረወልድ ተቀበሉና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ "እኔ አላውቅም፤ ግን የሦስት ቁጥር ቱቦ ትንሽ ጠሟል" አሉ። ሶሬቲ በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት ነቀፌታ ሰምታ አታውቅም። ወርም ሳይሞላ ሌባው በአምስት ቁጥር ፊት ለፊት፣ ስፖኪዮ በሁለት እጁ ይዞ፣ ተቀርጾ ተያዘ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለሶሬቲ እንደ አንድ ረጅም መልካም ቀን ሆኖ ነው የሚታወሳት። አስቸጋሪ ሥራ ሲገጥማት "ጋሼ፣ ዛሬ ሥራ አለዎት?" ብላ ትደውላለች፤ ሥራ ኖሯቸው አያውቅም። ኮታቸውን ለብሰው በታክሲ ይመጣሉ። ገርጂ አንድ መጋዘን፣ ሰሚት አንድ ትምህርት ቤት፣ ሲኤምሲ አንድ ክሊኒክ፤ እሷ ትሠራለች፣ እሳቸው ይቆማሉ። በየመንገዱ ድሮ የወጡበትን ምሰሶ ቦታ ያሳዩዋታል፤ ምሰሶው የለም፣ ሕንፃ ነው ያለው። "እዚህ ጋ አንዲት ሴትዮ ነበሩ፣ ልጃቸው ከአሥመራ ሲደውል አብሬ አለቀስኩ" ይላሉ። ሶሬቲ ከሀይደር ወጥታ የራሷን ሱቅ ስትከፍት መደርደሪያ ሠሪው ሥራውን ጥሎ ሊሄድ ምንም አልቀረውም ነበር። ጋሼ ገብረወልድ ሦስት ቀን ሙሉ ጀርባው ላይ ቆመውበታል።

ዓምና ጉልበታቸው እምቢ አለና አዳማ ያለው ልጃቸው ያፌት መጥቶ ወሰዳቸው።

ባለፈው ወር ሶሬቲ አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ አሥራ ስድስት ካሜራ ገጠመች። ሥራ አስኪያጁ ዘመናዊ ወጣት ነው። ቁልፉን ሰጣትና "አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ስትጨርሺ መልእክት ላኪልኝ" ብሎ ሄደ። ሙሉ ቀን የመጣባት ሰው የለም። ማንም "ትልቁ አይሻልም?" አላላትም። ቱቦው እንደ መስመር ቀጥ ብሏል፤ ያየው የለም። አሥራ ስድስቱም ምስል ስክሪኑ ላይ ወጥቶ ሲያበራ ቀና ብላ ወደ ጀርባዋ ዞር አለች። ባዶ ኮሪደር ነው። የመሰላሉ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች።

"ጋሼ፣ ደህና ነዎት? አንድ ካሜራ አስቸገረኝ።"

"ምን ሆነች?" ድምፃቸው ወዲያው ተነቃቃ። ወንበር ሲንቋቋ ተሰማት፤ ቆመዋል ማለት ነው።

"ትጠፋለች።"

"ማታ?"

"አይ... ቀን።"

"ጭራሽ ነው ወይስ ትመለሳለች?"

ሶሬቲ ይህን አላሰበችበትም። "ትመለሳለች። ግን... ሰው ሲያልፍ ነው የምትጠፋው።"

"ሰው ሲያልፍ።"

"አዎ።"

"ኬብሉ መዳብ ነው?"

"መዳብ ነው።"

"ርቀቱስ?"

"ቅርብ ነው፣ ጋሼ።"

ከአዳማ በኩል የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል።

"ሶሬቲ" አሉ ጋሼ ገብረወልድ። በስሟ ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነው። "እንዲህ ያለ ብልሽት የለም።"

የሶሬቲ ዓይን በእንባ ሞላ።

"ቢሆንም" አሉ ድምፃቸውን ጠረግ አድርገው፣ "ደጋግሞ ማየት አይከፋም። በይ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ፤ እኔ እንደሆንኩ ጊዜ አለኝ።"

ሶሬቲ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ ያልተበላሸችውን ካሜራ ቀና ብላ እያየች፣ ከመጀመሪያው ትነግራቸው ጀመር።